ነጠላና ዐይን

ከጥቂት ጊዜ በፊት በጎንደር ከተማ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመን ሳለን፥ አንዲት ልጃገረድ ራሷን ሳትከናነብ በመምጣቷ ነጠላ ባጣፋ ጐልማሳ በብርቱ ቃል ተገሥጻ ስትመለስ አየን። ጐልማሳውም «የጥንቱ ጨዋነት ጠፋ!» አለ። እኛም የጥንቱን ጨዋነት ከጥንቱ ሰዓሊ እንጠይቅ ብለን ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወጣን።

ይህ ደብር በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመነ መንግሥት የተመሠረተና፥ ደርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ባቃጠለ ጊዜ የተረፈ ነው። ከመቅደሱ በር በላይ ባለው የስቅለት ሥዕል እመቤታችን ተከናንባ ትታያለች። መጐናጸፊያዋ ራሷን ይሸፍናል፤ ፊቷ ግን አልተሸሸገም። ሰዓሊው ልብሱን ለክብር አለበሳት እንጂ በኀፍረት አልሸፈናትም።

ደግሞም በሀገራችን የቆየ የሥዕል ልማድ ደጉ ከክፉው የሚለየው በልብሱ ሳይሆን በዐይኑ ነው። ጻድቁ ሁለቱም ዐይኖቹ እየታዩ ይሣላል፤ ከሓዲው ግን ፊቱ ወደ ጐን ዞሮ በአንድ ዐይን ብቻ ይቀራል። እቴጌ ምንትዋብም በጣና ሐይቅ ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ተመልካቹ ትሕትናቸውን የሚያነበው ከለበሱት ልብስ ሳይሆን ከመደፋታቸው ነው።

ይህን ስንል ነጠላን መናቃችን አይደለም። ሴት በጸሎት ጊዜ ራሷን እንድትሸፍን ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች መጻፉንም አንዘነጋም። ነጠላ ራሱ ቋንቋ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ይጣፋል፤ ለኀዘን ጥለቱ ወደ ላይ ይዞራል፤ ለደስታ ወደ ታች ይወርዳል። በዚህም ቋንቋ ወንዱም ሴቷም ይናገሩበት ነበር። ዛሬ ቅር የሚያሰኘን፥ ይኸው ቋንቋ በሴቲቱ ላይ ብቻ የሚነበብ የክስ ጽሑፍ መሆኑ ነው። በዚያው ሰዓት ያለ ነጠላ፥ በኮት ብቻ የገቡ ወንዶች ነበሩ፤ አንድም ቃል የተናገራቸው አልነበረም።

እንግዲህ የጥንቱ ጨዋነት ጠፍቶ እንደ ሆነ፥ የጠፋው ከልጅቱ ራስ ላይ ብቻ አይደለም። ያ ጐልማሳ ከመገሠጽ ይልቅ ነጠላውን አውሷት ቢሆን ኖሮ፥ እርሷም ተሸፍና በጸለየች፥ እርሱም በሁለት ዐይን ለመሣል በበቃ ነበር።