ሽብልቁን የሚመዝነው ተከታዩ ነው

በስፖርታዊው የአለት አወጣጥ ቦልቱ በመሰርሰሪያ አስቀድሞ ተተክሎ ይጠብቃል። በባህላዊው ግን መሪው መያዣውን፣ ማለትም ሽብልቅና ካሙን፣ በወገቡ ታጥቆ ይወጣና ስንጥቅ እየፈለገ ራሱ ይሰካል፤ ተከታዩ ከኋላ እየነቀለ ይሰበስባል። ስለዚህ ሳይወድቁ ጫፍ መድረስ ለሥራው ጥራት ምስክር አይሆንም፤ ማንም ያልወደቀበት መጥፎ መያዣ ከጥሩው አይለይም። ልዩነቱን የሚያየው የሚነቅለው ሰው ነው።

ምርመራው ከብረቱ በፊት ድንጋዩን ይነካል። የፉሪና የወጨጫ ተራሮች አለት እሳተ ገሞራ የወለደው ትራካይት ነው፤ የገርአልታው ደግሞ የአሸዋ ድንጋይ ነው። አሸዋ ድንጋይ ሲረጥብ ስለሚደክም ከዝናብ ማግስት መተው ይሻላል። ትራካይትም ቢሆን ፊቱ በዝናብና በፀሐይ ይበላል። በመዳፍ ሲመታ እንደ ባዶ እንስራ የሚያስተጋባ ቅርፊት ምንም ቢያምር ይታለፋል።

እንጨት ፈላጭ ሽብልቅ የሚመታው ግንዱ እንዲከፈት ነው፤ እዚህ ግን ስንጥቁ ሽብልቁን ነክሶ መያዝ አለበት። ጥሩ አሰካክ ስንጥቁ ወደ ታች የሚጠብበትን ቦታ ይመርጣል፤ የብረቱ ሁለት ጎኖችም በሙሉ ገጻቸው ድንጋዩን ይነካሉ። በአንድ ጥርስ የተንጠለጠለ ሽብልቅ ጌጥ ነው።

ሬይ ጃርዲን የፈለሰፈውና በ1978 እ.ኤ.አ. «ፍሬንድ» ተብሎ ለገበያ የቀረበው፣ ጥርሶቹ በስፕሪንግ የሚከፈቱት ካም የበለጠ ያታልላል። የወረደበትን ጭነት ሁለት እጥፍ ያህል አድርጎ ግድግዳውን ወደ ጎን ስለሚገፋ የላላ ቅርፊትን ፈንቅሎ ይጥላል። ከግማሽ በላይ ተጨምቆ፣ ጥርሶቹ ሁሉ ነክሰው፣ ዘንጉ ሊወድቁ ወደሚችሉበት አቅጣጫ ሲያመለክት ይታመናል። ከስፖርታዊው የመጡ ብዙ ጊዜ ጨርሰው ይጨምቁታል፤ ያ ጥንካሬ ሳይሆን ለተከታዩ የመንቀል ፍዳ ነው። ገመዱ እያወዛወዘው ወደ ጥልቁ ከገባም ረዘም ያለ ማሰሪያ ጎድሎታል ማለት ነው።

ከጫፍ ሲደረስ ሚናው ይቀየራል፤ ደብረ ዳሞ ላይ ከላይ ያለው ሰው የሚወጣውን በወገቡ በታሰረ ጠፍር እንደሚደግፈው፣ መሪውም ተከታዩን ከላይ ይይዛል። የሚታሰርበት ነጥብ ብዙውን ጊዜ ሦስት መያዣ ይፈልጋል፤ ሸክሙን በእኩል የሚካፈሉ፣ አንዱ ቢነቀል ሌሎቹ ድንገት የማይነጠቁ። ተከታዩ እንደደረሰ መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው።