ልመናን ያልተወ መተው፦ ጾመ ነቢያትና አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ

በጾመ ነቢያት ሰሞን በየዐውደ ምሕረቱ የሚደጋገም ምክር አለ፦ ጭንቀታችሁን ለእግዚአብሔር ተዉለት፣ ዕረፉ። ምክሩ መጽሐፋዊ ነውና አልነቅፈውም። ቅሬታዬ ከሥርዓተ አምልኮው ተነጥሎ ሲነገር መተውን ከዝምታ ጋር ማምታታቱ ነው። ጾሙ ራሱ እንዲህ አያስተምርም።

ጾሙ ኅዳር 15 ይገባል። ከታኅሣሥ 7 እስከ 27 ያሉት ሦስት ሳምንታት ደግሞ ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ። የሦስቱን ሰንበታት ምስባክ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሁሉም በትእዛዝ አንቀጽ የተነገሩ መሆናቸውን ያስተውላል። የስብከቱ እግዚአብሔር እጁን ከአርያም እንዲልክ፣ የብርሃኑ ብርሃኑንና ጽድቁን እንዲልክ፣ የኖላዊው የእስራኤል እረኛ እንዲያዳምጥ ይጠይቃል። የመጨረሻው የተወሰደበት መዝሙር 79 ቅጥሩ የፈረሰበት፣ ወይኑን የዱር አውሬ የበላበት ሕዝብ ሙግት ነው፤ የእግዚአብሔር ቍጣ እስከ መቼ እንደሚዘልቅ ፊት ለፊት ይጠይቃል። እንዲህ የሚጸልይ ሰው በራሱ ጉልበት መመካቱን ትቷል። መጠየቁን ግን አልተወም፤ እንዲያውም ሌላ የሚለምነው ስለሌለ ልመናው በርትቷል።

ይህን ንባብ የምንፈትንበት ሕይወት በደቡብ ወሎ፣ በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው በቦረና ምድር ይገኛል። የጋስጫ ገዳም የሚታወቀው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ15ኛው መጀመሪያ በኖረው ሊቅ በአባ ጊዮርጊስ ነው። ገድሉ እንደሚተርከው በሐይቅ እስጢፋኖስ ሰባት ዓመት ትምህርት እንቢ አለው፤ ጓደኞቹ ሲቀጽሉ እሱ ለማኅበሩ እህል ይፈጭ ነበር። በኋላ እመቤታችን ተገልጣ ከጽዋዋ አጠጣችው፣ ልቡናውም ተከፈተ። (ሰባት ቁጥር በገድል ውስጥ ከዘመን ይልቅ ምሉዕነትን ስለሚያመለክት ዓመቱን አጥብቄ አልቆጥርም።) ሰባኪዎች ታሪኩን የትዕግሥት ምሳሌ ያደርጉታል። እኔ የማየው ግን የድርጊቶቹን ቅደም ተከተል ነው። ጊዮርጊስ ወፍጮውን ጥሎ አልሄደም፤ አልገባ ያለውን ትምህርትም ዕጣዬ አይደለም ብሎ አልተወውም። እየፈጨ ይማጸን ነበር። ጸጋው የወረደው መሻቱን ባጠፋ ሰው ላይ ሳይሆን ለዓመታት በያዘው ሰው ላይ ነው።

ከዚያ ወዲያ የሆነውም ጸጥታ አይመስልም። በመናፍቅነት ተከሶ መታሰሩን ገድሉ ይናገራል። ስሙ ከሰዓታትና ከአርጋኖን ጋር ይነሣል፤ በ1424 እ.ኤ.አ. የተፈጸመው መጽሐፈ ምሥጢር ደግሞ መናፍቃንን በየተራ እየጠራ የሚከራከር ትልቅ ድርሰት ነው። ዕውቀቴ ስጦታ ነው ብሎ ያመነ ሰው ዕድሜውን በሙግት ጨረሰ። ሰላም ነበረው ከተባለ፣ በክርክሩ መሐል የነበረ ሰላም ነው።

እርግጥ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፦ የመናኝ ሕይወት ለባለ ትዳር ገበሬ እንዴት መለኪያ ይሆናል? ተቃውሞው ትክክል ነው፣ ጉዳዩንም ያከብደዋል። መናኙ ሀብቱን የሚተወው በፈቃዱ ነው። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ገብሱን በኅዳር ውርጭ የተመታበት ሰው ግን ምንም አልተወም፤ ተወሰደበት። ጾሙ ከመኸር ጋር ስለሚገጥም ጾመኛው አጨዳና ውቂያ ላይ ነው፤ አርፎ የመጠበቅ ምርጫ የለውም። ሙስሊም ጎረቤቱም ዝናብ ሲጠፋ ለጋራ ጸሎት ወዳጃ ተቀምጦ ዱዓ ያደርጋል እንጂ አፉን ዘግቶ አይቀመጥም።

ስለዚህ ማን ለማን እንደሚናገር መለየት የሐያሲ ግዴታ ይመስለኛል። ያለውን ሁሉ ያጣ ሰው ‹እግዚአብሔር ያውቃል› ሲል ቃሉ እምነት ነው፤ ጎተራው የሞላ ሰው ያንኑ ቃል ለተራበው ሲመልስለት ግን ዕዳውን ወደ ሰማይ ማሻገሩ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን ሲፈጅ መንግሥት ነገሩን ሸፋፍኖ ነበር። የተራበው ሕዝብ በዚያ ወራት የኖላዊን ምስባክ ሲሰማ፣ እረኛ የተባለው ማን እንደሆነና ማን መንጋውን እንደተወ መጠየቁ ከጸሎቱ ውጪ አልነበረም።