«ገና» ወይስ «የገና ዱላ»?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ኮሶዬን በመሰለ ደጋ አገር «ገና» የሚለው ቃል ሦስት ፍች ይሸከማል። ይኸውም በአብዛኛው ታኅሣሥ 29 ቀን የሚውለው በዓለ ልደት፣ በዓሉ የሚደምቅበት ጨዋታ፣ እንዲሁም ጥንጉ ወይም ሩሩ የሚመታበት ጫፈ ቆልማማ እንጨት ነው። የቃሉንም መነሻ ሊቃውንት ልደት ከሚለው የግሪክኛ ቃል ያደርሱታል።

በዛሬው ጽሑፍና በመድረክ ግን ሦስተኛው ፍች «የገና ዱላ» በሚል ሐረግ ሲተካ ይታያል። ለዚህ ምክንያት አይታጣም። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማይለይ፣ «ና» ሲጠብቅ በዓሉን፣ ጨዋታውንና እንጨቱን፣ ሲላላ ደግሞ «ገና አልመጣም» እንደሚባለው ያለውን የሚያመለክተው ቃል በጽሑፍ አንድ መልክ ይይዛል። ይሁን እንጂ ይህን ችግር አገባቡ ራሱ ይፈታዋል። ለማብራሪያ የተጨመረው «ዱላ» ግን ሌላ ችግር ያስከትላል። ዱላ ምርኩዝ ነው፤ የጠብ መሣሪያም ነው። «ዱላ ቀረሽ» ሲባል የሚታሰበው ጨዋታ አይደለም። ገና በአንጻሩ ጌታና ሎሌ ለአንድ ቀን በእኩልነት የተጋፉበት፣ በሜዳው የተሰነዘረ ዘለፋ ለቂም የማይቆጠርበት የጨዋታ እንጨት ነው።

ስለሆነም መምህራን፣ ጸሐፍትና የባህል ቡድኖች እንጨቱን በገዛ ስሙ ሊጠሩት ይገባል። ማንኛውም በትር ዱላ ተብሎ ካለፈ፣ ቆልማማውን ቅርንጫፍ ከቀጥተኛው ለይቶ የመምረጥና የመጥረብ ሙያም ከቃሉ ጋር አብሮ ይዘነጋል።