የጉንጭዋ ምልክት

ጎቲክ የሚባሉት ድርሰቶች አንባቢን የሚያስፈሩት ብዙ ጊዜ በመናፍስትና በፈረሰ ግንብ ነው። አሜሪካዊው ናትናኤል ሆውቶርን እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1843 ዓ.ም. ባሳተመው «የልደት ምልክት» በተባለው አጭር ታሪክ ግን የሚያስፈራው የሊቅ ቤተ ሙከራ ነው።

ኤልመር የተባለ የፍጥረት መርማሪ ጆርጂያና የምትባል እጅግ ያማረች ሴት ያገባል። በግራ ጉንጭዋ ላይ ትንሽ እጅ የመሰለ ቀይ ምልክት አለ። ቀድሞ ያፈቀሯት ሰዎች እንደ ውበት የቈጠሩትን ባልዋ እንደ ነውር ቈጠረው፤ በጥበቡም ሊያጠፋው ተነሣ።

ጥፋቱ የጀመረው ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከባልዋ ዐይን ነው። እርሱ ፊትዋን አይቶ በተሸማቀቀ ቍጥር እርስዋም ምልክቱን ከእርሱ ይልቅ መጥላት ተማረች፤ ጽዋውንም በፈቃድዋ ጠጣች። ሊቁ ግን ማስጠንቀቂያ አላጣም ነበር። የምልክቱ ሥር እስከ ልብዋ መድረሱን በሕልሙ አይቷል፤ በገዛ እጁ የጻፈው መዝገብም ታላላቅ ሥራዎቹ ካሰበው ሲነጻጸሩ መክሸፋቸውን ይመሰክርበታል። ያልተማረው ረዳቱ አሚናዳብ እንኳ፣ ሚስቱ ብትሆን ኖሮ ምልክቱን እንደማይነካው አጕረምርሟል።

ደራሲው በመጨረሻ ትምህርቱን ገልጦ መተርጐሙ ታሪኩን ጥቂት ያደክመዋል፤ ምልክቱ ሲጠፋ የጆርጂያና እስትንፋስ ዐብሮ መጥፋቱ ብቻውን ይበቃ ነበር። ሆውቶርን የነቀፈው ዕውቀትን አይደለም፤ የተሰጠውን ሳያመሰግን ሊያርም የቸኰለውን ትዕቢት ነው። ኤልመር ነውር የሌለባትን ሴት ሲመኝ፣ የተሰጠችውን አጣ።