ገበሩን ገልብጦ ማየት፦ የኩዊልት ውድድርና የእጁ ባለቤት

በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት፣ የቴነሲ ወንዝ ከኦሃዮ ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ዳርቻ ፓዱካ የምትባል አነስተኛ ከተማ አለች። በየዓመቱ ጸደይ ሲገባ ከነዋሪዎቿ ቁጥር የማያንስ እንግዳ ታስተናግዳለች፤ የሚመጡትም ኩዊልት ለማየት ነው። ኩዊልት ሦስት ንብርብር ያለው የአልጋ ልብስ ነው። ከላይ በልዩ ልዩ ቅርጽ ተቆርጠው የተገጣጠሙ ጨርቆች፣ ከመሃል ባዘቶ፣ ከሥር ገበር አለው። ሦስቱን አንድ አካል የሚያደርጋቸው ከላይ እስከ ገበሩ ዘልቆ የሚወጣው ስፌት ነው። ቢልና ሜሪዲት ሽሮደር የተባሉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1984 (በዚህ ጽሑፍ ዘመናቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ኩዊልት ሠሪዎች ማኅበርን መሠረቱ። በ1985 የመጀመሪያው የማኅበሩ ውድድር ተካሄደ፤ በ1991 ሙዚየም ተከፈተ። ዩኔስኮም በ2013 ፓዱካን በእደ ጥበብ ዘርፍ ከፈጠራ ከተሞች መዝገብ አስገባት።

በእንዲህ ያለ ትርኢት ላይ ጎብኚ ሥራውን በእጁ እንዲነካ አይፈቀድለትም። ነጭ ጓንት ያጠለቁ በጎ ፈቃደኞች በየመተላለፊያው ይቆማሉ፤ ሲጠየቁ የኩዊልቱን ጫፍ አንስተው ገበሩን ያሳያሉ። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ የምትገዛ ሴት ጥልፉን ገልብጣ እንደምታየው ሁሉ፣ እዚህም እውነተኛው ምርመራ የሚጀምረው ከጀርባ ነው። ፊት ለፊት ቀለሙና ቅርጹ ዓይን ይማርካል። ጀርባው ላይ ግን ስፌት ብቻ ይቀራል፤ የክሩ ውጥረት የት እንደላላ፣ ቋጠሮው ተደብቆ እንደሆነ፣ መርፌው ሲገባና ሲወጣ እርምጃው እኩል መሆኑ በግልጽ ይነበባል።

ዳኞች የሚሠሩት የሠሪው ስም ተደብቆ ነው። መጀመሪያ ሥራው በአጠቃላይ ሲታይ ዓይንን የሚይዝበትን ኃይል፣ የንድፉንና የቀለሙን ስምምነት ይመዝናሉ። ከዚያ ይጠጋሉ። የኮከቡ ጫፎች በሚገናኙበት ነጥብ ላይ በትክክል ገጥመዋል ወይስ ስፌቱ ጫፋቸውን በልቶታል? ጠርዙን የሚቀመቅመው ጨርቅ ውስጡ ሙሉ ነው ወይስ ባዶ ቀርቷል? ማዕዘኖቹ ቀጥ ብለዋል? ኩዊልቱ ሲሰቀል ሳይሞገግ ይወርዳል? የእርሳስ ምልክት፣ የተረሳ የክር ጫፍ፣ አንዲት የድመት ፀጉር ሳይቀር ነጥብ ያስቀንሳል። በእጅ የሚሠሩ ምርጥ ሰፊዎች በአንድ ኢንች ውስጥ 10 እና ከዚያ በላይ ስፌት ያሳርፋሉ፤ ሦስቱን ንብርብር አንድ ላይ ወግቶ፣ በመላው የአልጋ ስፋት ላይ ይህንን እርምጃ ሳያዛንፉ መዝለቅ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይፈልጋል። እኔ ይህን ጥንቃቄ እንደ ትርፍ ነገር አልቆጥረውም። የጨርቅ ሥራ ከሥነ ጥበብ ታሪክ ዳር ተገፍቶ በኖረበት ዓለም፣ አንድን ስፌት እንዲህ ቀርቦ የሚያነብብ ሕዝብ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ይሁንና ይህ ዳኝነት የሚያነብበው ጨርቁን እንጂ እጁን አይደለም። ስም መሸፈኑ ለፍትሕ ሲባል የተደረገ ነው፤ ተገቢም ነው። ችግሩ የሚመጣው መሸፈኛው ሲነሳ ነው፤ ከሥሩ የሚገኘው ስም የማን ነው?

ይህን ጥያቄ ከማንኛውም ክርክር በላይ የሚያጎላው በ1933 ቺካጎ ላይ በተከፈተው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ምክንያት፣ ሲርስ የተባለው ትልቅ የንግድ ድርጅት ያዘጋጀው ብሔራዊ ውድድር ነው። አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበረች። ውድድሩ በጥር ታወጀ፤ ሥራዎች የሚገቡበት ጊዜ በግንቦት አጋማሽ አበቃ። በእነዚህ ጥቂት ወራት 24,000 ያህል ኩዊልቶች ቀረቡ። በየአካባቢው ተጣርተው 30 ብቻ ለመጨረሻው ዙር ቺካጎ ደረሱ። የአንደኛው ሽልማት 1,000 ዶላር ነበር፤ በዚያ ዘመን ለብዙ ቤተሰብ ከዓመት ገቢ ጋር የሚቀራረብ ገንዘብ። በኤግዚቢሽኑ መሪ ሐሳብ፣ ማለትም በመቶ ዓመት የዕድገት ጉዞ ላይ አዲስ ንድፍ ፈጥሮ ላሸነፈ ተጨማሪ 200 ዶላር ተመድቦ ነበር። ብዙ ሴቶች ሕንፃና ባቡር፣ አውሮፕላንና የከተማ ገጽታ በጨርቅ ገጣጥመው ላኩ። ዳኞቹ ግን አንደኛ ያደረጉት በነባር የኮከብ ንድፍ የተሠራ፣ ባዘቶ ተጠቅጥቆበት ጌጡ ከጨርቁ ላይ ጎላ ብሎ እንዲወጣ የተደረገ፣ ስፌቱ እጅግ የረቀቀ ኩዊልት ነበር። ተጨማሪው 200 ዶላር ሳይከፈል ቀረ።

አሸናፊዋ የኬንታኪዋ ማርጋሬት ሮጀርስ ካደን ነበረች። ኩዊልቱም ለፕሬዚዳንቱ ባለቤት ለኤሌኖር ሩዝቬልት ተበረከተ። ሜሪኬይ ዋልድቮግልና ባርባራ ብራክማን ስለዚህ ውድድር ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት ግን፣ ካደን በዚያ ኩዊልት ላይ መርፌ አልሰካችም። ሥራውን የሠሩት በክፍያ ያሰማራቻቸው ሌሎች የኬንታኪ ሴቶች ናቸው። ከ1,000 ዶላሩ የደረሳቸው የለም። እንዳይናገሩ ያገዳቸውም ቀላል ምክንያት ነው፤ በዚያ የችግር ዘመን የስፌት ሥራውን ማጣት አልቻሉም።

እዚህ ላይ ዳኞቹን መውቀስ ይቀናል፤ እኔ ግን በዓይናቸው አልተሳሳቱም እላለሁ። ያ ስፌት አንደኛ ይገባው ነበር። ክፍተቱ ያለው የእጅ ጥበብን ለመሸለም የተነሣ ተቋም እጁን የሚያረጋግጥበት መንገድ ባለማበጀቱ ነው። በማመልከቻ ወረቀት ላይ የሰፈረ አንድ ስም ለባለቤትነት በቂ ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረ። የእኛም የሽመናና የጥልፍ ታሪክ ሲጻፍ ሱቁና ነጋዴው ተጠቅሰው ሸማኔውና ጠላፊዋ ሲቀሩ ለምናይ፣ ይህ ጉድለት እንግዳ አይሆንብንም።

በ1989 ፓዱካ ላይ የተነሣው ክርክር ሌላ መልክ ነበረው። የካሪል ብራየር ፋለርት የፀሐይ ግርዶሽ ኩዊልት የትርኢቱ ምርጥ ተባለ። ጨርቁን ራሷ ነክራ አቅልማዋለች፤ በጥቁሩ ክብ ዙሪያ የሚፈነጥቀው ብርሃን ከቀለም ወደ ቀለም ሳይታወቅ ይሸጋገራል። ሦስቱን ንብርብር ያያያዘችው ግን በስፌት መኪና ነበር፤ በመኪና የተሰፋ ሥራ ይህን ሽልማት ሲያገኝ የመጀመሪያው ሆነ። ብዙዎች ባህሉ ተነካ ብለው ተቆጡ።

ቁጣው ከልብ የመነጨ ቢሆንም ታሪክ አይደግፈውም። በ1837 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት በባርነት የተወለደችው ሃሪየት ፓወርስ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በጨርቅ የሣለችበትን ኩዊልት በ1886 በዚያው ግዛት በአቴንስ ከተማ የጥጥ ትርኢት ላይ አቅርባ ነበር። ጄኒ ስሚዝ የተባለች ሠዓሊ ኩዊልቱን ልትገዛ ስትጠይቃት እምቢ አለች፤ ኋላ ችግር ሲጠናባት 10 ዶላር ጠይቃ በ5 ዶላር ሸጠችላት። ዛሬ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም የሚገኘው ይህ ሥራ በእጅም በመኪናም የተሰፋ ነው። የእያንዳንዱን ሥዕል ትርጉም የምናውቀውም ፓወርስ ስትናገር ስሚዝ ስለጻፈችው ነው። መኪናው ሥራውን የእርሷ ከመሆን አላጎደለውም። የአዳም፣ የያዕቆብና የክርስቶስ ስቅለት አቀማመጥ የፓወርስ ነው፤ ቆርጣ የለጠፈችው እርሷ ናት።

የውድድር መስፈርት ሊያየው የማይችለው ሌላም ውበት አለ። በአላባማ የጂስ ቤንድ ጥቁር ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ የገጣጠሟቸው ኩዊልቶች መስመራቸው ሆን ተብሎ ይጠማዘዛል፤ ማዕዘናቸውም ቀጥ አይልም። በነጥብ ቢመዘኑ ብዙ በተቀነሰባቸው። በ2002 ሂውስተን ከዚያም ኒው ዮርክ ሙዚየም ውስጥ ሲሰቀሉ ግን የሥነ ጥበብ ተቺዎች ከዘመናዊው የረቂቅ ሥዕል ጎን አቆሟቸው። የነጥብ ሉህ ከብዙ የንባብ መንገዶች አንዱ ነው፤ ብቸኛው አድርጎ መያዝ ስህተት ይሆናል።

ዛሬ ብዙ ትርኢቶች አንድ ሰው ብቻ የሠራውን፣ ሁለት ሰዎች የተጋሩትንና ማኅበር የተባበረበትን በየምድቡ ለይተው ያወዳድራሉ፤ የእጅ ስፌቱንም ከመኪናው ይለያሉ። ይህ ትክክለኛ አቅጣጫ ነው፤ ሆኖም ልዩነቱ በውድድሩ መዝገብ ውስጥ ተቀብሮ ከሚቀር በተሰቀለው ኩዊልት አጠገብ ሊጻፍ ይገባል። ማን ነደፈው፣ ማን ገጣጠመው፣ ማን ሰፋው፣ በምን መሣሪያ፣ ለሰፊዋስ ምን ያህል ተከፈላት? ጓንት አጥልቆ ገበሩን የሚገልጥልን በጎ ፈቃደኛ ይህንንም ሊነግረን ይችላል። ለ1933ቱ ኩዊልት እንዲህ ያለ ጽሑፍ ቢኖር ኖሮ፣ ያን የረቀቀ ስፌት የሰፉት ሴቶች ከ1,000 ዶላሩ ድርሻቸውን የሚጠይቁበት ማስረጃ ገና በሕይወት ሳሉ በእጃቸው ይኖር ነበር።