የዴም ዝንጅብል

ከሱዳኑ ጦርነት በፊት በካርቱም ዴም ሰፈር የሐበሻ ቡና ሲቆላ ሽታው መንገድ ላይ ይቀበል ነበር። ቡና የምታፈላው ሴት የታጠበውን ፍሬ ምጣዱ ላይ ታፈሳለች፤ መንጣጣት ሲጀምር እጇ አያርፍም። ፍሬው ጠቁሮ ወዝ ሲያወጣ ሳታሳርር ታወርደውና ጢሱን ለእንግዶቿ ታዞራለች። አንዱ በመዳፉ ወደ ፊቱ ሳብ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ጎንደር፣ እናቱ ቤት ነው።

ይህን የሚያደርገው የአንጎል ሥራ እጅግ ያስደንቀኛል። የምናየውና የምንሰማው ወደ አንጎል ቅርፊት የሚደርሰው ታላመስ በሚባለው ክፍል በኩል አልፎ ነው። ሽታ ግን በዚያ ሳያልፍ በአቋራጭ ስሜት ወደሚቀሰቀስበት አሚግዳላ ይገባል፤ የትውስታ ዋና ቦታ የሆነው ሂፖካምፐስም እዚያው ጎን ነው። ያለፈው ቀን ግን ሂፖካምፐስ ውስጥ ሙሉውን ተቀምጦ አይጠብቅም። እዚያ ያለው ትስስሩ ነው፤ የትኛው ድምፅ ከየትኛው ፊት ጋር እንደነበረ። እንግሊዛዊው የአንጎል ተመራማሪ ዴቪድ ማር እ.ኤ.አ. በ1971 እርስ በርስ የተጠላለፉ ሴሎች ከቁራጭ ምልክት ተነስተው ሙሉውን ትውስታ መልሰው ሊገነቡ እንደሚችሉ በንድፈ ሐሳብ አሳየ። ግንባታው ሲጀመር ያኔ በማየትና በመስማት የተሳተፉት የአንጎል ክፍሎች በከፊል እንደገና ይነሳሉ። ሰውየው ቤቱን «ያየዋል» ስንል ማጋነን አይደለም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤንደል ተልቪንግ እ.ኤ.አ. በ1972 እንዲህ ያለውን ትውስታ ከተራ እውቀት ለይቶታል። ሁለቱ አባዮች ካርቱም ላይ እንደሚገናኙ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ዳር ቆመው ያዩበትን ምሽት መልሶ መኖር ሌላ።

ለእኔ ከሁሉም የሚረቀው የልየታው ሥራ ነው። ሱዳናውያን ጀበናቸው ውስጥ ዝንጅብል ይጨምራሉ። ቡናው ያው ቡና፣ ከሰሉም ያው ከሰል ነው፤ ሆኖም ሂፖካምፐስ ውስጥ ዴንቴት ጋይረስ የሚባለው ክፍል የሚመሳሰሉ ገጠመኞች እንዳይደባለቁ ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ ብዙ ኢትዮጵያውያን በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዴም ለኖረ ሰው አሁን ጎንደር ላይ ቡና ሲቆላ ጎንደር ጎንደር ይሸታል፤ ዴምን የምታመጣው ያቺ ዝንጅብል ናት።

የመጣው ዴም ደግሞ እንደነበረ አይመለስም። ትውስታ በተነሳ ቁጥር ለጊዜው ሊለሰልስና ሊለወጥ ይችላል፤ ስለዚህ የጎንደሩ ሲኒ፣ የአዲሱ ጎረቤት ሳቅም ትንሽ ትንሽ እየገባበት ነው።