የአባ ነፍሶ ሰይፍ በየት ጎን ይታጠቃል?

ስለ ነገሥታት የተሠራ ድራማ ሲጀምር ሰው ሁሉ መጀመሪያ ዘውዱን ያያል። እኔ ወገብ አያለሁ። ሰይፉ በቀኝ ነው በግራ? በግራ ከሆነ አልባሹ ሙያውን የተማረው ከአውሮፓ ፊልም ነው። የኢትዮጵያ ጦረኛ ሰይፉን የሚታጠቀው በቀኝ ጎኑ ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አገራችንን ያዩ የውጭ ተጓዦች ነገሩ ገርሟቸው ጽፈውታል። ምክንያቱ ጋሻው ነው። ጋሻ በግራ እጅ ይያዛል። ሰይፉም በዚያው በግራ ቢንጠለጠል ከጋሻው ጋር ይጋጫል፤ ቀኝ እጅም ደረት አቋርጦ ከጋሻው ኋላ መግባት ይኖርበታል። በቀኝ ሲሆን ክንድ ከጎን ሳይርቅ እጀታውን ያገኛል፤ ጋሻውም ከፊት አይነሳም።

እጀታው የባለማዕረግ ከሆነ ከአውራሪስ ቀንድ ይሠራል። ከሩቅ ጥቁር ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ጠርዙ ቡናማ ብርሃን ያሳልፋል። ጥቁር ቀለም የተቀባ እንጨት ይህን አያደርግም። አፎቱ በቀይ ቆዳ ወይም በከፋይ ይለበጣል፤ አፉና ጫፉ የብር ሥራ አለበት። ከስለቱ ብዙው አውሮፓ ተሠርቶ የመጣ ነው፤ የይሁዳ አንበሳና የግዕዝ ፊደል የተቀረጸበትም አለ። ለቀረጻ ግን ከመልኩ ይልቅ ክብደቱ ይበልጣል። ከቀላል ነገር የተሠራ ሰይፍ ተዋናዩ በተራመደ ቁጥር ይወዛወዛል። እውነተኛው ቀበቶውን ወደ ታች ይስባል፤ የታጠቀውም ሰው ሲቀመጥ በእጁ ገፋ አድርጎ ቦታ ያበጅለታል። ይህችን ትንሽ የእጅ እንቅስቃሴ ማንም አዘጋጅ ቁጭ ብሎ አይጽፋትም። ዕቃው ትክክል ከሆነ ራሷ ትመጣለች።

ይህን የምለው አንድ ሰው በሐሳቤ ይዤ ነው፤ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎን፣ በፈረስ ስማቸው አባ ነፍሶን። በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር ተማርከው በምኒልክ ቤተ መንግሥት አደጉ። በጅሮንድ ሆኑ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የመድፈኛው አዛዥ ነበሩ። ሲዳሞን ገዙ። በ1929 ዓ.ም. በስተርጅና ጣሊያንን ሲዋጉ ወደቁ። የነገሥታት ድራማ ትክክለኛነት የሚፈተነው በንጉሡ ሳይሆን እንዲህ ባለ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። ንጉሡን ሁሉም በፎቶግራፍ ያውቀዋል፤ ምኒልክን በነጭ ሻሽ ላይ በደፉት ሰፊ ጥቁር ባርኔጣ ማንም ሕፃን ይለያቸዋል። ባልቻን ለማልበስ ግን እያንዳንዱን ክር መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከሸማው እንጀምር። ጥጡ በእንዝርት ይፈተላል። በእጅ የተፈተለ ክር አንድ ዓይነት ውፍረት የለውም፤ እዚህ ይወፍራል እዚያ ይቀጥናል። ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ ማጉን በመወርወሪያ ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፋል፤ ስለዚህ የጨርቁ ስፋት ሁለት እጅ ተመቻችቶ ከሚደርስበት አያልፍም፤ ከአንድ ሜትር ያነሰ ነው። ሰፊ ሸማ የሚገኘው ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ነው። በመካከሉ ስፌት የሌለው ሰፊ ሸማ በቴሌቪዥን ካያችሁ ከፋብሪካ ጣቃ የተቆረጠ ነው። የመኳንንቱ ጃኖ ሰፊ ቀይ ጥለት አለው። ጥለቱ ዛሬ በሚያብረቀርቅ ሰው ሠራሽ ክር ሲሠራ መብራት ውስጥ ይጮኻል፤ የዚያን ዘመኑ ቀይ ብርሃን ይጠጣል እንጂ አይመልስም።

ከአሠራሩም አለባበሱ ይበልጥ ይናገራል። ሰው በጌታው ፊት ሲቀርብ ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ያደገድጋል፤ ደረቱን ወይም ወገቡን ይታጠቅበታል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ መስቀለኛ ያጣፋል። ሐዘን ሲሆን ያዘቀዝቀዋል፤ ታች የነበረው ጥለት ወደ ፊት ይወጣል። ያው አንድ ጨርቅ ነው። ንጉሡ ወደ አዳራሹ ሲገቡ የሎሌዎቹ ሸማ አንድ ላይ ከትከሻ ሲወርድ ካየሁ አልባሹም አዘጋጁም ሥራቸውን እንዳወቁት እረዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ባይናገሩም ማን ለማን እንደሚታዘዝ ተመልካቹ ያውቃል። ሸማቸው ትከሻቸው ላይ እንዳለ ንጉሥ ፊት የሚቆሙ አገልጋዮች ግን ትዕይንቱን ያፈርሱታል፤ ንግግሩ የቱንም ያህል ቢያምር አይጠግነውም።

በየዓመቱ የካቲት 23 በወልቂጤም በቡታጅራም ተማሪዎች የአባቶችን ልብስ ለብሰው ይወጣሉ። አንድ ጊዜ አንድ አዛውንት ከሰልፉ ዳር አንዱን ልጅ ጠሩትና «የኔ ልጅ፣ ሰይፍህን ወደዚህ አዙረው፤ በዚያ በኩል እኮ ጋሻህ አለ» አሉት። ቀበቶውን ራሳቸው አዞሩለት። ልጁ ጋሻውን ከፍ አደረገ፤ ከዚያ በኋላ አካሄዱ ሌላ ሆነ። የአልባሽ ሙያ ማለት ይኸው ነው። ዕቃው በቦታው ሲሆን ሰውነቱ ይከተላል።

ወደ አድዋ ትዕይንት ስንመጣ ጠመንጃው ይመጣል። በሠራዊቱ እጅ በብዛት ከነበሩት አንዱ ውጅግራ ነው፤ በ1874 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የፈረንሳይ ጠመንጃ። አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር ነው። የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው። ተኳሹ መቀርቀሪያውን ይስባል፣ ቀለሁ ይወጣል፣ ከዝናሩ አንድ ጥይት ይመዛል፣ ያጎርሳል፣ ይዘጋል፣ ያነጣጥራል። ይህን ሁሉ ሳያደርግ አምስት ጊዜ አከታትሎ የሚተኩስ አርበኛ ሌላ ዘመን ውስጥ ነው ያለው። ባሩዱም ጥቁር ባሩድ ነው፤ በተተኮሰ ቁጥር ወፍራም ነጭ ጭስ ይወጣል፤ ሰልፉ በራሱ ጭስ ይሸፈናል። የባልቻ ወገንም በፍጥነት የሚተኩሱ የሆችኪስ መድፎች ነበሩት፤ እነሱም ጭሱን ያበዙታል። ስለዚህ ትክክለኛ የአድዋ ቀረጻ ጥርት ያለ አይሆንም፤ ሰው ጭሱ ሲገለጥ ይታያል፣ ሲመለስ ይጠፋል። ይህ ለአዘጋጁ ስጦታ ነው፤ ሃምሳ ሰው አምስት ሺህ መስሎ መታየት የሚችለው እንዲህ ነው።

የግብሩ አዳራሽ ደግሞ ከጦር ሜዳው በላይ ሥርዓት አለው። ጠጅ አሳላፊው ብርሌውን ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ ጥቂት አንቆርቁሮ ራሱ ይጠጣል፤ መርዝ እንደሌለበት ማሳያ ነው። ንጉሡ ሲበሉና ሲጠጡ አሽከሮች ሸማ ዘርግተው ይከልሏቸዋል፤ አፍ ሲከፈት ዓይን እንዳያርፍበት። ጥሩ አዘጋጅ ይህን መጋረጃ ለትወናው ይጠቀምበታል። ከሸማው ኋላ የሚሰማ ድምፅ፣ ከሸማው ፊት የቆመ ባለጉዳይ፤ ከዚህ የበለጠ የሥልጣን ሥዕል አልፈልግም።

ለሴቶቹ ልብስ የሚለካ ማስረጃ አለ። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደው የእቴጌ ጥሩነሽ ቀሚስ ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተቀምጧል። ጥጥ ነው፤ በአንገቱ ዙሪያ፣ በደረቱና በእጅጌው ጫፍ በሐር ክር ተጠልፏል። ጥልፍ እንጂ የዛሬ ሠርግ ላይ የምናየው ከደረት እስከ ጫፍ የሚወርድ የተሸመነ ጥበብ አይደለም። በአገር ቤትም እንጦጦ ማርያም፣ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በነገሡባት ደብር፣ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌ ጣይቱ አልባሳት በቤተ መዘክር አሉ። ሜትር ይዞ የሚሄድ አልባሽ የሚያጣው ነገር የለም።

ከባልቻ ታሪክ ለቴሌቪዥን የምመርጠው ቀን በ1920 ዓ.ም. ከሲዳሞ ጦራቸውን አስከትለው አዲስ አበባ የገቡበትን ነው። ጦሩ ንፋስ ስልክ ሰፈረ፤ እሳቸው ግብር ተጠርተው ወደ ቤተ መንግሥት ሲሄዱ ራስ ካሣ ሠራዊቱን በተኑባቸው። እዚህ አንድ ምስል ውስጥ ሁለት ዘመን አለ። በአልጋ ወራሹ በራስ ተፈሪ ወገን ካኪ የለበሰ ዘበኛና አውቶሞቢል፤ በባልቻ ወገን ሸማ፣ ጋሻና በባዶ እግር የሚሄድ ጦር። ባለማዕረጉ በበቅሎ ይቀመጣል፤ ፈረሱ ተጭኖ ከጎን ይሳባል፣ ለውጊያ ነውና። እርካቡ አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ጠባብ ቀለበት ነው። ተዋናዩ ጫማ አድርጎ ሰፊ እርካብ ከረገጠ የሁለቱ ወገን ልዩነት ጠፋ፤ ልዩነቱ ከጠፋ ደግሞ ያ ቀን ምን እንደነበረ አይገባም።

ንግግር መፍጠር ሌላ ነገር ነው። የእንግሊዝን ንግሥት ሕይወት በ60 ክፍል ያሳየው «ዘ ክራውን» በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከብዙ ክርክር በኋላ የአምስተኛው ምዕራፉ ማስታወቂያ ላይ ልብ ወለድ ድራማ መሆኑ ተጻፈበት። የተከራከሩት በአብዛኛው ሰዎቹ በዝግ ክፍል ተናገሩ ስለተባለው ቃል ነበር። ባልቻና ምኒልክ እልፍኝ ውስጥ የተባባሉትን ደራሲ ቢፈጥር አልቃወምም፤ ሥራው ነው። ሸማው ግን አይፈጠርም፤ አንዴ ተሠርቷል። የሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ» የተባለው ፊልም ከሳሽና ተከሳሽ አብረው ታስረው ወደ ችሎት የሚጓዙበትን የጥንት ሥርዓት የታሪኩ ምሰሶ አድርጎታል። ሁለት ሰው ሲታሰር አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይቀመጣል፣ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይነሳል። ታሪኩ የሚንቀሳቀሰው ሥርዓቱ በትክክል ስለተያዘ ነው።

የሚያሳስበኝ የመጀመሪያው ክፍል ነው። የባልቻ ድራማ ከቤተ መንግሥት ሳይሆን ከጉራጌ ቤት መጀመር አለበት፤ የምኒልክ ጦር ወደዚህ አገር መዝመት በጀመረበት በ1868 ዓ.ም. ገደማ። የቀረጻ ባለሙያዎቹ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው ወልቂጤ ቢደርሱ፣ ወይም በቡታጅራ በኩል ቢመጡ፣ መጀመሪያ የሚያዩት ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ሕፃኑ ባልቻ አላየውም። ስለዚህ የካሜራው አቅጣጫ በዛፍ ይመረጣል። የቆርቆሮ ጣሪያም እንዲሁ። እንሰቱ ግን ባለበት ይቁም፤ ከቤቱ ጓሮ ነው ቦታው፣ ቅጠሉም የቤቱን ቁመት የሚገዳደር መሆን አለበት።

ጀፎረው በዘመናት አልተለወጠም ማለት ይቻላል። በሁለት ረድፍ በተሰለፉ ቤቶች መካከል የሚዘረጋ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ መንገድም አደባባይም ነው። ለቅሶ ይቀመጡበታል፣ መስቀል ያከብሩበታል፣ ፈረስ ይጋልቡበታል። ባህላዊው ሕግ ስለሚጠብቀው ማንም ቆርሶ አያጥረውም። ካሜራ ዝቅ አድርጎ ከአንድ ጫፍ ቢተከል የቤቶቹ ክዳን በሁለቱም በኩል እያነሰ ሲሄድ ይታያል። ፈረሰኛ ከዚያ ጫፍ ቢመጣ ለመድረስ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ያንን ጊዜ መቁረጥ አያስፈልግም፤ መንደሩም የሚመጣውን ጦር የሚያየው እንዲሁ ቀስ ብሎ ነው።

ቤቱ ክብ ነው። መካከሉ ላይ አንድ ምሰሶ ቆሟል። ከምሰሶው ወገብ የሚነሱ ደጋፊ እንጨቶች እንደ ጃንጥላ ዘንግ ዙሪያውን ተዘርግተው ጣሪያውን ይይዛሉ። ምስማር የለም። ማገሩ የሚታሰረው በቃጫ ነው፤ ቃጫው ደግሞ ከጓሮው እንሰት ተፍቆ የወጣ ነው። እንጨቱን የሚጠርቡትና ምሰሶውን የሚያቆሙት ማኅበረሰቡ ለረጅም ዘመን ሲያገል የኖራቸው የእንጨት ባለሙያዎች ናቸው። የድራማው መጨረሻ ላይ የሙያተኞች ስም ሲዘረዘር የእነሱ ልጆች ስም ቢኖርበት ደስ ይለኛል። ዛሬም ይህን ሥራ አሳምረው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ቤቱን ለቀረጻ አዲስ መሥራት ይቻላል፤ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ሠርቶ መቅረጽ ግን አይቻልም። ጭስ መውጫ የሌለው ቤት ውስጥ እሳት ዓመት ሙሉ ስለሚነድ እንጨቱ ይጠቁራል፣ ጥላሸቱም እየተደራረበ ያብለጨልጫል። ጥቁር ቀለም ቢቀቡት ደብዝዞ ይቀራል፤ የእሳቱ ብርሃን አይመለስበትም። ሣር ክዳኑን ከከደኑ በኋላ አንድ ቤተሰብ ገብቶ ወራት እሳት ቢያነድበት፣ ቡና ቢያፈላበት፣ ከብቱን በወገኑ ቢያስርበት፣ የብርሃን ባለሙያው ሲመጣ ግማሽ ሥራው ተሠርቶ ይጠብቀዋል። ሂሳቡ ከካሜራ ኪራይ ያነሰ ነው።